ኢብኑ ሲና፦ ነፍስን ከአካል ለይቶ ያየው ሐኪም



በአንድ የቅዳሜና እሁድ መድረሳ እናስተምር በነበረበት ጊዜ ነው። የዕለቱ ትምህርት ስለ ቀብር ጥያቄ ነበር። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣና፣ ሰውየው ሞቶ አካሉ አፈር ከሆነ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ጠየቀን። ሩሑ እንደሚመለስለት ነገርነው። ልጁ ግን አልተቀመጠም፤ እንግዲያውስ እርሱ ራሱ ሩሑ ይሁን አካሉ እንድንነግረው ፈለገ። ሰዓቱ አልቆ ነበርና ለሚቀጥለው ሳምንት ብለን አለፍነው። የሚቀጥለው ሳምንት መጣ፣ ሌላ ርዕስ ጀመርን፣ ልጁም ደግሞ አልጠየቀም። ያን ቀን በቅጡ ሳንመልስለት መቅረታችን እስከ ዛሬ ይቆጨናል።

ከሺህ ዓመት በፊት ይህንኑ ጥያቄ ከወጣትነቱ እስከ ሞት አልጋው ይዞት የዞረ ሰው ነበር። አቡ ዐሊ አል-ሑሰይን ኢብኑ ዐብደላህ ኢብኑ ሲና ይባላል። በሙስሊሙ ዓለም በስሙ የተሰየሙ ሆስፒታሎች ብዙ ናቸው፤ ስለ እርሱ የምንሰማውም አብዛኛውን ጊዜ ከሕክምናው አያልፍም። ከሕክምናው ሌላ ግን ስለ ነፍስና ስለ አካል የተናገረው አለ፤ በዚሁ ጉዳይ ታላላቅ ዑለማዎች የተቃወሙትም አለ። በስሙ እየተኩራራን ይህኛውን ገጽ ማጠፍ አማና መብላት ስለሚመስለን ሁለቱንም እንነግራችኋለን።

የተወለደው እንደ ሂጅራ አቆጣጠር በ370 (እ.ኤ.አ. በ980) በዛሬዋ ኡዝቤኪስታን፣ ከቡኻራ አጠገብ በምትገኝ አፍሸና በምትባል መንደር ነው። አባቱ ከበልኽ የመጣ ሰው ሲሆን በሳማናውያኑ አሚር በኑሕ ኢብኑ መንሱር ዘመን በአካባቢው የመንግሥት ሹም ነበር። እናቱ ሲታራ ትባላለች። ቤተሰቡ የሐዲሡ ኢማም አል-ቡኻሪ (ረሒመሁላህ) ወደተወለዱባት ወደ ቡኻራ ከተማ ተዛወረ፤ ልጁም አስር ዓመት ሲሞላው ቁርኣንን ጨርሶ ከሥነ ጽሑፍም ብዙ ይዞ ነበር። ፊቅህን ኢስማዒል አዝ-ዛሂድ ከተባሉ ሸይኽ ዘንድ ቀራ። የሕንድን የቁጥር ስሌት እንዲማር ደግሞ አባቱ ወደ አንድ አትክልት ሻጭ ላከው። በሱቅ ውስጥ፣ ከአትክልት ክምር አጠገብ ሒሳብ የሚማር ልጅ ማሰብ ደስ ይላል።

ስለ ነፍስ መጀመሪያ የሰማው ከመጽሐፍ አልነበረም። አባቱና ወንድሙ የኢስማዒሊያዎችን ጥሪ ተቀብለው ስለነበር በቤታቸው ስለ ነፍስና ስለ ዐቅል ይወራል። ልጁ ጥግ ይዞ ያዳምጣል። የሚሉት እንደሚገባው፣ ልቡ ግን እንዳልተቀበለው በኋላ ስለ ራሱ ሕይወት በጻፈው ታሪክ ላይ አስፍሯል። ጥያቄው ግን አብሮት አደገ።

ናቲሊ የተባለ አስተማሪ ወደ ቤታቸው መጥቶ ሎጂክ ማስተማር ቢጀምርም ብዙም ሳይቆይ ተማሪው አስተማሪውን ቀደመው። ወደ ሕክምና ዞሮ በአስራ ስድስት ዓመቱ ሕመምተኞችን ያክም ጀመር። ከዚያ በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ አንድም ሌሊት ጠግቦ ሳይተኛ በፋኖስ ብርሃን አነበበ። አንድ ነገር ሲጠናበት ወደ መስጂድ ሄዶ ይሰግድና ጌታውን ይማጸን ነበር። ያው ታሪኩ ድካም ሲሰማው የሚያሰክር መጠጥ ይጠጣ እንደነበርም አይደብቅም። ሐራሙ ሐራም ነው፤ ሰውየውም የጻፈው እርሱ ራሱ ነውና የምንሸፍንለት ምክንያት የለንም።

በዚያ ዘመን የአርስጣጣሊስን የሜታፊዚክስ መጽሐፍ አርባ ጊዜ አንብቦ ቃሉን በቃሉ ቢይዘውም ፍሬ ነገሩ አልገባህ አለው። ተስፋ ቆርጦ ሳለ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በመጽሐፍ ገበያ አንድ ደላላ አንዲት ኪታብ ይዞ ለመነው። ባለቤቱ ስለቸገረው በሦስት ዲርሃም እንደሚሸጠው ነገረው። ሳይወድ ገዛት። የአል-ፋራቢ ማብራሪያ ሆና ተገኘች፤ ያንኑ ሌሊት የተቋጠረው ሁሉ ተፈታለት። በነጋታው ለድሆች ሶደቃ አወጣ።

አሚሩ ኑሕ ታምሞ ሐኪሞች ግራ ሲጋቡ ወጣቱ ተጠራ፤ አሚሩም ሲድን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ እንዲገባ ፈቀደለት። ክፍሉ ሁሉ በሣጥን የተደረደረ ኪታብ ነው፤ አንዱ የፊቅህ፣ አንዱ የቋንቋና የግጥም፣ ሌላውም የሌላ ዕውቀት። አስራ ስምንት ዓመት ሲሞላው የዘመኑን ዕውቀቶች ሁሉ እንዳዳረሰ ጽፏል። ትሕትና ከጠባዩ አልነበረም፤ ይህን የሚያነብ ሁሉ ይታዘበዋል።

ከዚያ በኋላ የተረጋጋ ኑሮ አላየም። አባቱ ሞተ፣ በ999 ቡኻራ በቱርኮች እጅ ገባች፣ የሳማናውያን መንግሥትም አበቃ። የፊቅህ ሰዎችን ልብስ ለብሶ ወደ ጉርጋንጅ ሄደ፤ ከዚያም ከከተማ ከተማ እየዞረ ካቡስ የተባለውን አሚር ፍለጋ ወደ ጁርጃን ወረደ። ሲደርስ አሚሩ ታስሮ ሞቷል። በጁርጃን ያተረፈው ነገር ቢኖር አንድ ደረሳ ነው። አቡ ዑበይድ አል-ጁዝጃኒ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ ሸይኹ ሞት ከጎኑ አልተለየም፤ የሸይኹን ቀሪ ታሪክ የጻፈልንም እርሱ ነው።

አል-ቃኑን ፊ ጢብ የተባለውን አምስት ክፍል ያለውን የሕክምና መጽሐፉን መጻፍ የጀመረው እዚያው ጁርጃን ነው። ኋላ ላይ ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓውያን ለብዙ መቶ ዓመታት የተማሩበት መጽሐፍ ይህ ነው። በዚህ ኪታብ ውስጥ ለጉዳያችን የሚሆን አንድ ቦታ አለ። በፍቅር ተይዞ የከሳ፣ ግን የወደዳትን የማይናገር ሰው ምን ይደረግ? ሐኪሙ የደም ሥሩን እንደያዘ የሰዎችን ስም፣ የሰፈርና የመንገድ ስም፣ የሙያ ስም አንድ በአንድ ይጥራለት። አንዱ ስም ላይ ትርታው ደጋግሞ ከተናወጠ ነገሩ ተገኘ ማለት ነው። ኢብኑ ሲና ይህን ራሱ ሞክሮ እንዳገኘው ጽፏል። በጆሮ የገባ አንድ ስም፣ ሥጋ ያልሆነ ትዝታ፣ የደም ሥርን ሲያስመታ በጣቱ ዳሰሰው።

ላም ነኝ ብሎ እረዱኝ እያለ ምግብ እምቢ ያለውን መስፍን እንዴት እንዳዳነው የሚነገረው ታሪክም የታወቀ ነው። ሊያርደው ቢላዋ ይዞ ገባ፣ ዳበሰውና በጣም ከስታለች፣ ትቀለብ ብሎ ተመለሰ ይባላል። ታሪኩ ከሞቱ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የተጻፈ ስለሆነ እንደ ወግ እንጂ እንደ ማስረጃ አንይዘውም።

ከጁርጃን ወደ ረይ፣ ከረይ ወደ ሀመዳን ሄደ። የሀመዳኑ ገዢ ሸምሱ ደውላ የሆድ ቁርጠት ይዞት ነበርና አክሞ አዳነው። ገዢውም ወዚር አደረገው። ወታደሮቹ ግን አልወደዱትም፤ ቤቱን ከበው ዘረፉት፣ ይገደልልን አሉ። አርባ ቀን ተደበቀ። የገዢው ቁርጠት ሲመለስበት ሐኪሙ ከተደበቀበት ተፈልጎ መጣ፣ ይቅርታ ተጠይቆ እንደገና ወዚር ሆነ። ሹመቱን የመለሰለት የታመመ ሆድ ነው ብንል አልዋሸንም። ቀን የመንግሥት ሥራ ይሠራል፤ ሌሊት ደረሶቹ ተሰብስበው አንዱ ከሺፋእ፣ ሌላው ከቃኑን ይቀራሉ። ትምህርቱ ሲያበቃ ዘፋኝና መጠጥ ይቀርብ እንደነበርም ጁዝጃኒ አልደበቀም።

ሸምሱ ደውላ በ1021 ሲሞት ኢብኑ ሲና በአዲሱ ገዢ ዘንድ ወዚርነቱን አልፈለገም፤ በድብቅ ወደ ኢስፋሃኑ ገዢ ጻፈና አቡ ጋሊብ በተባለ መድኃኒትና ሽቶ ነጋዴ ቤት ተሸሸገ። እዚያ ተዘግቶ ሳለ ነው ጁዝጃኒ ሺፋእን እንዲጨርስ የወተወተው። በሁለት ቀን ውስጥ ዋና ዋና ርዕሶቹን ምንም ኪታብ ሳያይ ከቃሉ ጻፈ፤ ከዚያም በየቀኑ ሃምሳ ቅጠል እየጻፈ የተፈጥሮ ዕውቀቱን ክፍል ከእንስሳትና ከዕፀዋት በቀር ጨረሰ። ስለ ነፍስ የሚናገረው ኪታብ የዚህ ክፍል አካል ነው።

በዚያ ኪታብ ውስጥ አንድ ሰው አስቡ ይለናል። አላህ በአንድ ጊዜ ሙሉ አድርጎ ፈጥሮታል እንበል። ልጅነት አላየም፣ ትዝታ የለውም። ዓይኑ ተሸፍኗል። ባዶ ቦታ ላይ ተንሳፏል፤ ነፋስ እንኳ አይነካውም። እጅና እግሩ ተራርቀው ስለተዘረጉ እርስ በርስ አይነካኩም። አያይም፣ አይሰማም፣ አይዳስስም። እንግዲህ ይህ ሰው እጅ እንዳለው አያውቅም፣ ልብም አንጎልም እንዳለው አያውቅም። መኖሩንስ ያውቃል? ኢብኑ ሲና ያለ ጥርጥር ያውቃል ይላል። እጅ የሚባል ነገር በሐሳቡ ቢመጣበት እንኳ የራሱ ክፍል አድርጎ አያየውም። ስለዚህ የሚያውቀው እኔነቱና የማያውቀው አካሉ አንድ ሊሆኑ አይችሉም። እጅና እግራችን ከእኛ ጋር አንድ የሚመስሉን ለብሰናቸው ስለኖርን ነው፤ ልብስ አውልቀን ስለምናውቅ ልብሳችን እኛ እንዳልሆነ እናውቃለን፣ ሥጋችንን ግን አውልቀን አናውቅም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አማርኛችንን ብናየው ያስገርማል። ሕፃን ማስተዋል ሲጀምር ነፍስ አወቀ እንላለን። የኢብኑ ሲና ሰው በተፈጠረባት ቅጽበት ነፍስ ያወቀ ሰው ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ራስ የሚለው ቃላችን ጭንቅላትም እኔነትም ነው። ራሴን አመመኝ ስንል ጭንቅላታችንን፣ ራሴን ቻልኩ ስንል ሌላውን ማለታችን ነው። አንዱ አባባላችን ከኢብኑ ሲና ጋር ይቆማል፣ ሌላው ይሞግተዋል።

ምዕራባውያን ዱዋሊዝም የሚሉት፣ ሰው ከሁለት ነገር ማለትም ከሥጋና ሥጋ ካልሆነ ነፍስ ነው የሚለው አስተሳሰብ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠሩት ፈረንሳዊውን ዴካርትን ነው። እርሱ ሁሉን ቢጠራጠርም አሳቢነቱን ሊጠራጠር እንዳልቻለ የጻፈበት መጽሐፍ የወጣው በ1641 ነው። የኢብኑ ሲና የነፍስ ኪታብ ግን በ12ኛው ክፍለ ዘመን በስፔኗ ቶሌዶ ወደ ላቲን ተተርጉሞ ነበር። ዴካርት አንብቦት ይሁን አይሁን የሚከራከሩበት አሉ፤ ለእኛ ክርክሩ ብዙም አይጠቅመንም። ልዩነታቸው ይበልጥ ያስተምራል። ኢብኑ ሲና ሐኪም ነው፤ ነፍስን ከአካል ሲለይ የሁለቱን መተሳሰር አልዘነጋም። ነፍስ ከአካል በፊት አልነበረችም፣ አካሉ ሲዘጋጅ ከእርሱ ጋር ትፈጠራለች፣ አካሉ ሲሞት ግን አትሞትም፣ ወደ ሌላ አካልም አትዞርም ይላል። ሥራዋ አካልን ማስተዳደር ነው። መሬት ላይ በተጋደመ ግንድ ላይ ሰው እየሮጠ ያልፋል፤ ያው ግንድ በገደል ላይ ድልድይ ሆኖ ሲዘረጋ ግን በዝግታ እንኳ መራመድ ያቅተዋል፤ የመውደቅ ሐሳብ እግሩን ይይዘዋል። እድናለሁ ብሎ ያመነ በሽተኛ የሚድንበት፣ ታምሜያለሁ ብሎ ያመነ ጤነኛም የሚታመምበት ጊዜ እንዳለ ይጨምራል። የዛሬ ሐኪሞችም የማይክዱት ነገር ነው።

ማስረጃው ግን ቀዳዳ አለው። ከጀርባው ያየነውን ሰው ወንድማችን መሆኑን ባናውቅ፣ ሰውየው ወንድማችን አይደለም ማለት አይሆንም። ተንሳፋፊው ሰውም አካሉን አለማወቁ አካሉ አለመሆኑን አያረጋግጥም የሚል ሙግት ይነሳበታል። ኢብኑ ሲናም ይህን ሳይጠረጥር የቀረ አይመስለንም፤ ምሳሌውን ያቀረበው ለማንቃትና ለማስታወስ ነው፤ ዋና ማስረጃውን በሌላ ቦታ አቅርቧል። የማይከፋፈል ትርጉም በሚከፋፈል ሥጋ ውስጥ ሊያርፍ አይችልም የሚል ነው።

እስከዚህ ድረስ አንድ ሙስሊም የሚደነግጥበት ነገር አይታይም። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እኔ ማለት ነፍሴ ብቻ ከሆነች፣ በቂያማ ቀን ሥጋ ለምን ይነሳል? በሺፋእ ላይ ኢብኑ ሲና የሥጋ መነሳት በሸሪዓና በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዜና የሚታወቅ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ በአእምሮ የሚደረስበት የነፍስ ደስታና ስቃይ ነው ይላል። ስለ መመለሻው ዓለም ለብቻ በጻፈው አድሐዊያ በተባለ ድርሳኑ ላይ ግን የሥጋ መነሳት ገለጻ ለብዙኃኑ መረዳት የተነገረ ምሳሌ እንደሆነ አድርጎ ተከራክሯል። ቁርኣን የበሰበሰን አጥንት ማን ሕያው ያደርገዋል ብሎ ለተከራከረ ሰው የመጀመሪያውን ፈጠራ አስታውሶ መልስ ሲሰጥ፣ በሌላ ቦታም የጣት ጫፍ ሳይቀር እንደሚስተካከል ሲናገር፣ ይህን ሁሉ ምሳሌ ነው ብሎ ማለፍ ከባድ ነገር ነው።

ኢማም አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) የተነሱት በዚህ ነው። ኢብኑ ሲና ከሞተ ከሃያ ዓመት በኋላ ተወልደው፣ በ488 ሂጅራ ተሓፉተል ፈላሲፋ በተባለው ኪታባቸው ፈላስፎቹን በሃያ ጉዳዮች ሞገቱ። በአስራ ሰባቱ ቢድዓ ሲሉ በሦስቱ ግን ክህደት ነው አሉ፤ ከሦስቱ አንዱ የሥጋን መነሳት መካድ ነው። ልብ ልንለው የሚገባን ግን ነፍስ በራሷ የምትቆም ነገር መሆኗን እንደማይቃወሙ፣ የሚቃወሙት አእምሮ ያለ ሸሪዓ ይህን ብቻውን ያረጋግጣል የሚለውን እንደሆነ መግለጻቸው ነው። አላህ ነፍስን ወደ አካል ቢመልስ ምኑ ነው የማይቻለው? ብለው ነው የሚጠይቁት። ከእርሳቸው በኋላ ኢብኑል ቀይም (ረሒመሁላህ) ኪታቡ ሩሕ በተባለው ሥራቸው ሩሕ ራሷ ረቂቅ፣ ብርሃናዊ፣ ሕያው አካል ናት፤ በሥጋ ውስጥ ውሃ በጽጌረዳ ውስጥ እንደሚሠራጨው ትሠራጫለች የሚለውን አቋም መረጡ። ሩሕ እንደምትወጣ፣ እንደምትከፈንና ወደ ላይ እንደምትወሰድ ሐዲሦች ስለሚናገሩ ነው።

እኛ በሥጋ መነሳት ጉዳይ ከኢማሙ ጋር ነን። ተንሳፋፊውን ሰው ግን ከኢብኑ ሲና ጋር አብረን ለመጣል አንቸኩልም። ያ ልጅ ተመልሶ ቢጠይቀን፣ አካሉ ሲታመም የሚያመውም አካሉ ሲተኛ የማይጠፋውም እርሱ መሆኑን እንነግረው ነበር፤ ሩሕ ከጌታችን ነገር መሆኗንና ከዕውቀቷ የተሰጠን ጥቂት መሆኑንም ከሱረቱል ኢስራእ እናነብለት ነበር።

ወደ ሰውየው እንመለስ። ተደብቆበት ከነበረው ቤት ጠላቶቹ አገኙትና ፈርደጃን በተባለ ምሽግ ለአራት ወር ታሰረ። እስር ቤት ውስጥ ከጻፋቸው አንዱ ስለ ሆድ ቁርጠት የሚናገር ኪታብ ነው። ከተፈታ በኋላ የሱፊ ልብስ ለብሶ፣ ከወንድሙና ከጁዝጃኒ ጋር ከሀመዳን ሾልኮ ወደ ኢስፋሃን ገባ፤ በገዢው በዓላኡ ደውላ ዘንድም ቀሪ ዕድሜውን በክብር ኖረ።

ስለ ጤና አጠባበቅ ያን ያህል የጻፈው ሰው የራሱን ገላ አልጠበቀም። ፍላጎቱን ሁሉ ይከተል እንደነበርና ይህም አቅሙን እንደጨረሰው ደረሳው ጽፏል። ያ ኪታብ የጻፈበት ቁርጠት ራሱን ያዘው። ዓላኡ ደውላ ዘመቻ ላይ ስለነበር ጦሩ ሲያፈገፍግ ወደኋላ እንዳይቀር ፈርቶ በአንድ ቀን ስምንት ጊዜ ሆድ የሚያጥብ መድኃኒት ለራሱ ሰጠ፤ አንጀቱ ቆሰለ። ከዚያም ያዘዘውን የከረፍስ ፍሬ ሐኪሙ ከመጠን በላይ ጨመረበት። ገንዘቡን የሰረቁ አገልጋዮቹ ደግሞ እንዳይጠየቁ ፈርተው በመድኃኒቱ ውስጥ ብዙ ኦፒየም ከተቱ። በቃሬዛ ኢስፋሃን ተወሰደ፤ ትንሽ ሲሻለው ከአሚሩ ጋር ወደ ሀመዳን ተነሳ፤ በመንገድ ላይ አገረሸበት።

ሀመዳን ሲደርስ አቅሙ እንዳለቀ አወቀ። አካሉን ያስተዳድር የነበረው አስተዳዳሪ ከእንግዲህ ማስተዳደር እንደተሳነው፣ ሕክምናም እንደማይጠቅም ተናግሮ መድኃኒቱን አቆመ። የታሪክ ጸሐፊው ኢብኑ ኸሊካን እንደዘገቡት ታጥቦ ተውበት አደረገ፣ የነበረውን ለድሆች ሰጠ፣ የበደላቸውን ለሚያውቃቸው መለሰ፣ ባሮቹን ነጻ አወጣ፣ በየሦስት ቀኑም ቁርኣንን ያኸትም ጀመር። በ428 ሂጅራ፣ በረመዷን ወር (እ.ኤ.አ. በ1037) ሞተ። ወዚር በነበረባት፣ በተደበቀባትና ሾልኮ በወጣባት በዚያችው በሀመዳን ተቀበረ።